የሟች ውክልና

ህዳር 3

ሃያ ዓመት ያለፈው ታክሲ ከእንግዲህ ፈቃዱ አይታደስም። አሮጌውን ለብረት መጭመቂያ ያስረከበ ባለንብረት ከመንግሥት ድጎማ ያገኛል። ድጎማው ለአዲስ መኪና ቅድመ ክፍያ ይሆናል፤ የቀረው የባንክ ብድር። ማመልከቻ የሚዘጋው ጥር 23።

ጠዋት የገባ ዜና ነው። አሳጥሬ ለሁለተኛው ገጽ ሰጠሁ። አዘጋጁ ቡርሃን ከክፍሉ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "ኢንሳፍ፣ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? አንባቢ የሚፈልገው እሱን ነው" አለ።

"ዛሬ እኮ ነው የወጣው።"

"በቃ፣ እስከ ሐሙስ እወቂዋ።"

ምሳ ፉል። ከመስኮቱ ውጪ ያለው ጉም ይሁን ጭስ አልለየሁም።

ህዳር 5

ናሺድ መጣ። ጥቁርና ነጯን ታክሲውን በረንዳው ሥር አቆማት፣ ሞተር ሳያጠፋ። ካጠፋት አትነሳም... ስለዚህ ወንድሜ እኔ ቤት ሻይ የሚጠጣው ቆሞ ነው፣ አንድ ዓይኑን ወደ ታች ጥሎ።

"አብላ፣ እውነት ነው?" ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ከልጅነቱ ጀምሮ አብላ ነው የሚለኝ።

"እውነት ነው።"

"ታዲያ ልስጣት?"

"ቆይ፣ ልጠይቅ።"

"ምኑን ትጠይቂዋለሽ? ፈቃዴ ጥር ላይ ያልቃል። ብሰጣትም የለችም፣ ባልሰጣትም የለችም።"

ልክ ነው።

መኪናዋ ዛሬም በሐጂ ደሱቂ ስም ናት። ናሺድ ከውትድርና እንደተመለሰ ነው ከሐጂው የገዛት። ዋጋዋን ከፍሎ የተቀበለው ግን ውክልና ብቻ ነው። እንደ ሰው ሁሉ። ስም ማዛወር ቀረጥ አለው፣ ወረፋ አለው፣ "የሻይ" የሚል ጸሐፊ አለው። ውክልና በአንድ ጠዋት ያልቃል። ትነዳበታለህ፣ ፈቃድ ታሳድስበታለህ፣ ስትሰለች ትሸጥበታለህ። ስም ምን ይሠራል? እዚህ ከተማ ስም የሚያዛውረው ሞኝ ነው ይባላል። እኔም ስል ኖሬያለሁ።

ህዳር 9

ራምሲስ፣ የታክሲ ተራ። ኡስታ አብዱልሻፊን (ሾፌሩን ሁሉ ኡስታ ነው የምንለው) አገኘሁት፣ የናሺድን የድሮ ጓደኛ። አምና ለሙከራ ከተሰጡት ነጭ ታክሲዎች አንዷ የሱ ናት። የወንበሩን ላስቲክ እስካሁን አላነሳውም።

"ያዋጣል?" አልኩት።

"ስሚ አብላ። ድሮ እሷ ስትታመም እኔ አርፍ ነበር። አሁን እሷም አትታመም፣ እኔም አላርፍ።"

"በብድሩ ነው?"

"አማቴ እንኳ አንዳንድ ወር ሳትመጣ ትቀራለች። ብድሩ አንድ ወር ቀርቶ አያውቅም።"

ተሳፋሪውም ተለውጧል ይላል። "ገና ሳይቀመጥ፣ ኡስታ፣ ማቀዝቀዣውን! ይለኛል። በአሮጌዋ ጊዜ መስኮቱ ወርዶ ከተመለሰለት ይመርቀኝ ነበር።"

ወደ ኋላ ብትመለስ ድጋሚ ትሰጣት ነበር? አልኩት። መስተዋቱን በእጅጌው ወለወለ። "ሌላ ምን ነበረኝና?"

ይሄ ለቡርሃን መልስ አይሆንም።

ህዳር 12

የመርሃ ግብሩን ኃላፊ አነጋገርኩ። ጨዋ ሰው። ለአየሩ ይጠቅማል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ፋብሪካው ትእዛዝ ያገኛል፣ ሾፌሩ ጋራዥ ከመመላለስ ይድናል አለ። ሁሉም እውነት ሳይሆን አይቀርም... ከሱ መስኮት ሆኖ ሲታይ።

"ብዙዎቹ ታክሲዎች በውክልና የተያዙ ናቸው። ባለ ውክልና ማስረከብ ይችላል?"

"ይችላል። በግልጽ ጻፊው፣ ሰው እንዳይፈራ።"

በግልጽ ጻፍኩት።

ህዳር 16

ናሺድ ነገ ሊያስረክባት ነው። ጽሑፌን ቆርጦ ኪሱ ውስጥ ይዞታል። ማርሴል (ሚስቱ) ደውላ ሳቀችበት፤ ከጠዋት ጀምሮ በባልዲና በሳሙና ሲያጥባት ውሏል አለች።

"ሬሳ ነው የምትገንዘው? አልኩት።"

"ምን አለሽ?"

"'ቆሻሻ ናት እንዲሉኝ አልፈልግም' አለ። ማን ነው የሚለው አብላ? መጭመቂያው?"

ሌሎቹ ሾፌሮች ሬዲዮኑን፣ ባትሪውን፣ ደህና ጎማ ካለም ጎማውን ፈትተው ነው የሚወስዱት። እሱ አንዲት ብሎን አልነካም።

ህዳር 17

አብሬው ሄድኩ። በበረሃው መንገድ ላይ በሽቦ የታጠረ ሜዳ። አሮጌ ታክሲ በረድፍ በረድፍ፣ ሁሉም ጥቁርና ነጭ። ዘይቱን ቀዱት፣ ታርጋውን ፈቱት፣ ኮፈኑ ላይ በቀይ ቀለም መስቀለኛ ምልክት አደረጉ። ናሺድ ሞተሩን ራሱ አጠፋው። "አሁን ባትነሳም ችግር የለም" አለ ለሠራተኛው። ሠራተኛው አልሳቀም፤ ከኋላ ወረፋ አለበት።

ክሬኑ አነሳት። መጭመቂያው ብዙ አልቆየባትም። ጣሪያዋ መጀመሪያ፣ ከዚያ ጎኖቿ... ስትወጣ እንደ ጭድ እስር አራት ማዕዘን ሆናለች።

የምስክር ወረቀቱ ወዲያው ተሰጠ። በሐጂ ደሱቂ ስም። ናሺድ አልደነገጠም። "የመኪናው ደብተርም በሱ ስም ነው የኖረው" አለ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠ። ቀኝ እግሩ ፍሬን ይረግጥ ነበር።

ህዳር 26

ናሺድ ድጎማውን ሊጠይቅ ሄዶ መስኮቱ ላይ የሰማው፦ ባለንብረቱ ሞተዋል። አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ሲሞት የሰጠው ውክልና አብሮት ይሞታል። ድጎማው፣ የአዲሱ ታክሲ መብትም፣ የወራሾች ነው።

አላወቀም ነበር። ሐጂው ታክሲዋን ከሸጠ በኋላ ከኢምባባ ሰፈር ለቅቆ መኑፊያ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ገብቷል። ፈቃድ ሲታደስ የጠየቀ የለም፣ ማስረከቢያውም ላይ የጠየቀ የለም።

"አምስት ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው ወክዬ ስነዳ ኖርኩ፣ አብላ።"

ማርሴል፣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። ናሺድ ሻዩን ተቀምጦ ጠጣ።

ህዳር 27

ለኃላፊው ደወልኩ።

"ውክልና ይበቃል ብለውኝ ነበር።"

"ለማስረከብ ነው ያልሽኝ እመቤት። ለማስረከብ ይበቃል። ድጎማ ለመቀበልማ ባለንብረቱ በሕይወት መኖር አለበት።"

ማስታወሻዬን አየሁ። የጠየቅሁት እሱን ነው፣ የመለሰውም እሱን ነው፣ የታተመውም ቃል በቃል እሱ ነው። እርማት የሚወጣለት ስህተት የለበትም።

ሌላ ጽሑፍ ጻፍኩ፦ ውክልና የሰጣችሁ ሰው መኖሩን ሳታረጋግጡ መኪናችሁን አታስረክቡ። ቡርሃን ስድስተኛ ገጽ ላይ፣ ከሐዘን ማስታወቂያዎቹ በላይ አወጣው።

ታህሳስ 2

ከናሺድ ጋር መኑፊያ፣ ወራሾቹ ድርሻቸውን እንዲተዉለት ልንለምን። የሐጂ ደሱቂ ቤት ማንንም ብትጠይቅ ያሳይሃል። ወራሾቹ ሦስት ናቸው፦ መበለቲቱ ሐጃ ነዒማ፣ ወንዱ ልጅ ሻዝሊ፣ ትንሿ ልጅ ኢብቲሃል።

ሐጃዋ እንግዳ መምጣቱን ሰምታ ዳክዬ አርዳለች። እኛ ጾም ላይ ነን። ናሺድ እንዴት እንደሚናገር ጨነቀው... ወደ እኔ ያያል። ተናገርኩ።

"ጾመኛ እንግዳማ በረከት ነው" አለች፣ ሳህኑን ወደ ልጆቿ እየገፋች። "ኢብቲሃል! ሽንኩርትና ዳቦ አምጪ፣ ከዚያ ከቃሪያው። ዳክዬዋ ግን በከንቱ ነው የሞተችው።"

ሻዝሊ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። የእርሻ መሣሪያ ጠጋኝ ነው፣ ጥፍሩ ሥር ቅባት አለ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ "መኪናዋ በማን ስም ናት?"

"በአባትህ፣ እግዜር ይማራቸው" አለ ናሺድ።

"እንግዲያው አዲሱም በአባቴ ስም ነው የሚመጣው። እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ እኔም ልጆች አሉኝ።"

"ሻዝሊ!" አለች እናቱ። "ቀና ብለህ እይ። ይሄ ጣሪያ ከምን ተሠራ?"

"እማ፣ አሁን የጣሪያ ወሬ..."

"ይሄ ሰውዬ ከከፈለው ነው የተሠራው! አባትህ ሲቀበል ሻይ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ዕቃውን ሁለቴ ልትሸጥበት ነው? አባትህ በመቃብሩ ይገላበጣል።"

"አባቴ ስሙን ያላዛወረው ለምን ነው ታዲያ?"

ሻዝሊ ተነስቶ ወጣ። ኢብቲሃል ወጥ ነክሮ የሄደበትን ዳቦ አነሳች። "ይመጣል" አለች፣ "ራቱን ካልበላ የትም አይሄድም።"

የመልሱ ሚኒባስ ሞልቶ ነበር። ናሺድ፣ "እኔም ብሆን እንደሱ ነበር የምጠይቀው" አለ። እውነቱን ነው መሰለኝ።

ታህሳስ 5

ምንም።

ታህሳስ 11

ሻዝሊ ቢሮዬ ድረስ መጣ። በረኛው ተጠራጥሮት ደረጃው ላይ አቁሞታል።

"እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ሚስቴ ጭምር ከሷ ጋር ሆናለች። እፈርማለሁ። እኔ ለአንድ ታክሲ ብዬ ቤቴ ውስጥ እንግዳ አልሆንም።"

"እግዚአብሔር ይስጥህ።"

"እኔን አታመስግኚኝ። ለወንድምሽ ግን አዲሷ ስትመጣ በስሙ ያድርጋት በይው። ልጆቹ ነገ እንደኔ እንዳይጠይቁ።"

ለናሺድ ደውዬ ነገርኩት፤ ስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። ከመጭመቂያው ወዲህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ታህሳስ 15

ውልና ማስረጃ። ሐጃ ነዒማ ፈረመች፣ ሻዝሊ ፈረመ። ጸሐፊው የኢብቲሃልን መታወቂያ አገላብጦ መለሰው።

"ሃያ አንድ አልሞላሽም።"

"መጋቢት ላይ እሞላለሁ።"

"መጋቢት ላይ ነይ።"

"ማመልከቻው ጥር ላይ ይዘጋል እኮ። ማግባት እችላለሁ?"

"ትችያለሽ።"

"መምረጥስ?"

"ትችያለሽ።"

"ስለ አሮጌ ታክሲ ግን ልጅ ነኝ?"

"ስለ ንብረት ልጅ ነሽ፣ እህቴ። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።" እውነትም እሱ አይደለም። አካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ድርሻውን የሚተወው የሞግዚት ችሎት ሲፈቅድ ብቻ ነው። እናቷ ብትወድ፣ ወንድሟ ቢወድ፣ ራሷ ብትወድ ዋጋ የለውም። ሕጉ የወጣው ወላጅ አልባ እንዳይዘረፍ ነው። መልካም ሕግ ነው።

ሐጃዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። "ሁላችንም እሺ ካልን እንቢ ያለው ማን ነው?" አለች።

ታህሳስ 21

ናሺድ ሥራ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ የአብዱልሻፊን ነጭ ታክሲ ይነዳል፣ በተራ ሾፌርነት። ማርሴል ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ። ውትድርና ከጨረሰ ጀምሮ የሰው መኪና ነድቶ አያውቅም።

"እንዴት ናት?" አልኩት ማታ ስልክ ላይ።

"ስታጠፊያት ትጠፋለች፣ ስታስነሺያት ትነሳለች። ወሬ የላትም።"

ታህሳስ 29

ልደት። ቅዳሴ ሄድን። ማርሴል ምሳ ሠራች፣ ናሺድ ሳይበላ ወደ ሥራ ሄደ። በበዓል ቀን አብዱልሻፊ ሙሉውን ቀን ለሱ ለቆለታል... ቸርነት ነው እንጂ።

ጥር 6

ችሎቱ ተሰየመ። ዳኛው ትሑት፣ የደከማቸው ሰው። ወረቀቱን አነበቡ።

"የልጅቷ ድርሻ ዋጋ ስንት ነው?"

ናሺድ ያቆመው ጠበቃ የመኪናዋን ዕድሜ ነገራቸው።

"ዕድሜዋን አልጠየቅሁም። ባለሙያ መኪናዋን አይቶ ይገምት። ያላየሁትን የልጅ ንብረት አላስተላልፍም። መኪናዋ የት ናት?"

ናሺድ ከኋላ ወንበር ተነሳ።

"ተጨምቃለች፣ ጌታዬ።"

"ማን አስጨመቃት?"

"እኔ። መንግሥት አምጡ ብሎ ነበር።"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ሊስቁ ነው ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። "ባለሙያው ባለችበት ሄዶ ይያት" ብለው ጻፉ። ሪፖርቱን ለመስማት ቀጠሮ ለጥር 27 ሰጡ።

"ጌታዬ፣ ማመልከቻው ጥር 23 ይዘጋል" አለ ጠበቃው።

"ማመልከቻውን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም።"

እዚህ አገር ማንም ምንም አልዘጋም። ብቻ ሁሉም ዝግ ነው።

ጥር 11

ባለሙያው፣ ናሺድና እኔ፣ ሜዳው ላይ። የተጨመቁት መኪኖች እንደ ግንብ ተደርድረዋል፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጥቁርና ነጭ። ፎርክሊፍት እያነሳ በከባድ መኪና ይጭናል፤ ወደ ማቅለጫ ነው የሚሄዱት።

"የቷ ናት?" አለ ባለሙያው።

ናሺድ ዞረ። አንዷን ነካ፣ ተወ። ሌላዋ ጋ ሄደ። "የኔዋ ኋላ በሩ ላይ ጭረት ነበራት..." በር የሚባል ነገር ግን የለም።

"በህዳር የገቡት ሄደዋል" አለ ፎርክሊፍት ነጂው ከላይ። "ምን ጠፍቶባችሁ ነው?"

ባለሙያው አዘነ። ሲጽፍ ግን ሐዘኑን መጻፍ አይችልም። "ንብረቱ አልተገኘም" አለ። ያልተገኘ ነገር ዋጋ አይወጣለትም። ዋጋ ካልወጣለት ችሎቱ አይፈቅድም።

ናሺድ እስከ አጥሩ በር ድረስ ወደ ኋላ እየዞረ ሄደ። ከዚያ፣ "ንጹሕ ነበረች እኮ" አለ።

ጥር 13

ለኃላፊው ደወልኩ። ቀነ ገደቡ ያመለጣቸው ምን ይሆናሉ?

"በኮሚቴ ይታያል።"

"ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?"

"ገና አልተቋቋመም።"

ጥር 15

ስለ አዲሶቹ ታክሲዎች ለሚወጣው ልዩ ገጽ ማጠቃለያ ጻፍኩ። "መኪናውም ወረቀቱም በአንድ ሰው እጅ ለሆኑለት ድጎማው ያዋጣል። ላልሆኑላቸው ግን አሮጌ መኪናቸውን በነጻ ለመንግሥት መስጠት ነው፤ እነዚህም ከሁሉ ድሆቹ ናቸው።"

ቡርሃን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘው።

"ለምን?"

"ቦታ ጠበበ። ውሸት አደረግሁት እንዴ?"

አላደረገውም። የቀረውም እውነት ነው።

ጥር 17

ልዩ ገጹ ነገ ማተሚያ ይገባል። ፎቶግራፈሩ ከራምሲስ ያነሳቸውን ሥዕሎች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። ለትልቁ ቦታ የተመረጠው አንድ ሾፌር ነው። ነጭ ታክሲ፣ ክርኑን በመስኮቱ አውጥቷል፣ ይስቃል። ናሺድ። ሥሩ "የአዲስ ታክሲ ባለቤት ከሆኑት አንዱ" ይላል።

"ማን እንደሆነ ጠየቅኸው?"

"ሳቅ በል አልኩት፣ ሳቀ። ከሁሉም የሱ ፊት ነው ያማረው። ታውቂዋለሽ እንዴ፣ አብላ?"

"አውቀዋለሁ።"

ኮሪደር ወጥቼ ለናሺድ ደወልኩ። ተሳፋሪ ጭኖ ነበር፣ ጥግ ያዘልኝ።

"ሰውየው ሳቅ በል አለኝ" አለ። "ምን ልበለው? የኔ አይደለችም ብዬ አገር ልሰብስብ?"

"ከገጹ ላስወጣው?"

የመንገዱ ጥሩንባ ይሰማኛል። ከኋላ ተሳፋሪው "ኡስታ፣ እንሂድ እንጂ!" ይላል።

"ተይው አብላ። ጋዜጣ ላይ እንኳ ትኑረኝ።"

ሥዕሉን ተውኩት። ከሥሩ የተጻፈውን ሰርዤ፣ "የታክሲ ሾፌር፣ ራምሲስ" አልኩ። ቡርሃን ሳያነብ ፈረመበት።

ማመልከቻው በሚመጣው ሳምንት ጥር 23 ይዘጋል። የችሎቱ ቀጠሮ ጥር 27።